ያልታረሰ ሣር፣ ያልተቆረጠ ዛፍ፤ በምዕራብ ዓባያና በጋሞ ደጋ የጥንት ቅዱሳን ስፍራዎች ጉብኝት

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሁምቦን ካለፈ በኋላ የዓባያን ሐይቅ በግራ፣ የጋሞን ደጋ በቀኝ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። በተራራውና በሐይቁ መካከል የተዘረጋው ቆላ ምዕራብ ዓባያ ነው፤ የወረዳው ከተማ ብርብር ትባላለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሙዝና የማንጎ እርሻ ይታያል። ሐይቁ ከየተዳፋቱ በሚገባበት ደለል የተነሣ ቀላ ያለ መልክ አለው። በስተቀኝ ያለው ተራራ ከስምጥ ሸለቆው ወለል፣ ከ1200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በጉጌ ሰንሰለት ከ4000 ሜትር በላይ ይደርሳል። የአገሩ ጥንታዊ ታሪክ የተቀመጠው በዚያ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የጉብኝት መኪኖች ግን አብዛኞቹ ቀና ብለው ሳያዩት ያልፋሉ።

የደቡቡ የጉብኝት መስመር አካሄድ የታወቀ ነው። እንግዳው ማለዳ ከአዲስ አበባ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ጢያ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን 36 ትክል ድንጋዮች ያያል፤ ከእነሱም 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። አርባ ምንጭ ያድርና በማግሥቱ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ አዞና ጉማሬ ይመለከታል። ከሰዓት በኋላ ዶርዜ ወጥቶ ከረጃጅሞቹ የቀርከሃ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆጮ በዳጣ ይቀምሳል። ከዚያ ወደ ኮንሶ፣ ከኮንሶም ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ የጋሞ ሕዝብ አምላኩን የለመነባቸው፣ ሕጉን የደነገገባቸውና ካዎ የሚባለውን መሪውን ያነገሠባቸው ስፍራዎች ቦታ አላገኙም። ምክንያቱ መንገድ ብቻ አይደለም። ስፍራዎቹ እንደ ቅርስ ለመታየት የሚያበቃ ሕንፃ ስለሌላቸው፣ ማየት ያልለመደ ዓይን ሜዳና ጫካ ብቻ አድርጎ ያልፋቸዋል።

እንዲህ ያሉ ስፍራዎችን ለእንግዳ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል ከሌላ አገር መማር ይቻላል፤ የጥንት መቅደሶችንና የነገሥታት ስፍራዎችን በአስጎብኚ የመዞር ልማድ እጅግ ከደረጀባቸው ቦታዎች አንዷ በካምቦዲያ የምትገኘው አንግኮር ናት። አንግኮር የክመር ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ታላቁን መቅደስ አንግኮር ዋትን በ12ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ያሠራው ዳግማዊ ሱርያቫርማን ሲሆን፣ የፊት ቅርጾች ያሉበትን የባዮንን መቅደስ ያሠራው ጃያቫርማን ሰባተኛ እ.ኤ.አ. በ1181 ነገሠ። በትውፊት የሚነገረው የላሊበላ ዘመነ መንግሥትም በዚሁ ዓመት ስለሚጀምር፣ ሁለቱ ነገሥታት ከአለት ጋር ሲታገሉ የኖሩት በአንድ ዘመን ነው ማለት ይቻላል። አንግኮር እ.ኤ.አ. በ1992 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ እስከ 2004 ድረስም አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ጎብኚዎቿ በሁለት የታወቁ ዙሮች ይመራሉ፤ ትንሹ ዙር 17፣ ትልቁ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መግቢያው የአንድ፣ የሦስት ወይም የሰባት ቀን ተብሎ ይሸጣል። ትከሻውንና ጉልበቱን ያልሸፈነ ሰው ወደ አንግኮር ዋት ላይኛው ፎቅ አይወጣም፤ መነኮሳት እስከ ዛሬ የሚሰግዱበት መቅደስ ነውና።

ከአንግኮር ለጋሞ ጉብኝት የሚጠቅም አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል። የክመር ነገሥታት ቤተ መንግሥታቸውን የሚሠሩት በእንጨት ነበር፤ ድንጋይ የሚገባው ለአማልክት ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ስለዚህ ቤተ መንግሥቶቹ ጠፍተው የቀሩት መቅደሶቹ ናቸው። በጋሞ ደጋም የካዎው ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ስለሆነ ዘመን አይሻገርም፤ ዘመን የሚሻገረው ስፍራው ነው። ልዩነቱ ክመሮች የተቀደሰውን ስፍራ በድንጋይ ሲያስጌጡ፣ ጋሞዎች በክልከላ መጠበቃቸው ነው። እዚያ የሚታየው ሰው የሠራው ነገር ነው፤ እዚህ የሚታየው ሰው ሊሠራው እየቻለ የተወው ነገር ነው። መሬት በጠበበበት፣ እርሻ እስከ ገደል አፋፍ በደረሰበት አገር ለብዙ ትውልድ ማረሻ ያልነካው ሜዳና ምሳር ያልደፈረው ጫካ ሐውልት ነው። የአስጎብኚው ዋና ሥራ እንግዳው ይህን እንዲያይ ማድረግ ነው።

ስፍራዎቹን ለማየት አስቀድሞ የአገሩን አቋም ማወቅ ያስፈልጋል። የጋሞ ደጋ በአንድ ንጉሥ የተገዛበት ጊዜ በታሪክ አይታወቅም። አገሩ ደሬ በሚባሉ ብዙ ራስ ገዝ አገሮች የተከፈለ ነበር፤ ቁጥራቸው በተለምዶ 42 ይባላል። ዶርዜ፣ ጨንቻ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ዲታ፣ ቦሮዳ ከእነሱ መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ደሬ የራሱ ወሰን፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ጉባኤ ነበረው፤ አብዛኞቹም የራሳቸው ካዎ ነበራቸው። ካዎው በዘር የሚተካ ሲሆን ሥልጣኑ ከሠራዊት ይልቅ ከመሥዋዕት የመጣ ነው፤ የደሬው ባይራ፣ ማለትም የሁሉ ታላቅ በመሆኑ ስለ አገሩ ሰላምና ስለ እህሉ በረከት መሥዋዕት የሚያቀርበው እሱ ነው። አባት ለቤተሰቡ፣ የጎሣው ታላቅ ለጎሣው፣ ካዎው ለደሬው ይሠዋል። ከካዎው ጎን ሃላቃ የሚባል በምርጫ የሚሾም ሹም አለ። ሃላቃው የሕዝብ አገልጋይ ነው፤ ሹመቱን የሚያጸናው ደግሶ አገሩን በማብላት ነው። ከሁለቱም በላይ የሆነው ግን ዱቡሻ የሚባለው ጉባኤ ነው።

ጉብኝቱ ከሰሜን ሲጀመር የመጀመሪያው ታላቅ ስፍራ ብርብር ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ከምዕራብ ዓባያ ቆላ በላይ፣ ወደ ደጋው በሚወጣው ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚህ አገር ክርስትና ከምኒልክ ዘመቻ ጋር አብሮ የመጣ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የምታፈርስ ምስክር ናት። በአካባቢው ትውፊት ከግራኝ ዘመን በፊት የተተከለች ናት። ታሪክ አጥኚዎችም በመካከለኛው ዘመን የሰሎሞናዊው መንግሥት ወደ ደቡብ በተስፋፋበት ወቅት ወደ ጋሞ የገባው ክርስትና፣ ከማዕከሉ ጋር የነበረው ግንኙነት ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ሳለ እንኳ በብርብርና በጥቂት ሌሎች ቦታዎች እንዳልጠፋ ጽፈዋል። ቤተ ክርስቲያኗ በጥንት የብራና ወንጌሏ በሊቃውንት ዘንድ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ መስፋፋት የጻፈው መነኩሴ አባ ባሕርይም ከጋሞ ምድር የወጣ ሰው ነው፤ ድርሰቱ ዛሬም የ16ኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው የማያልፈው ምንጭ ነው። በዚህ ተራራ ላይ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ብራና የሚዳምጥ ሰው የነበረው ከ400 ዓመት በፊት መሆኑን እንግዳው ልብ ሊለው ይገባል።

ብርብር ማርያምን ለማየት የሚሄድ ቡድን ከሌላው የጋሞ ስፍራ ይልቅ የለመደው ሥርዓት ያገኛል፤ ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ ይጣፋል፣ ወደ መቅደሱ የሚገባ የለም። ብራናው የሚገለጠው በካህን እጅ ነው። የጥንት ብራና ጠላቶቹ ላብ፣ ሰምና የካሜራ ብልጭታ ስለሆኑ፣ አንድ ቡድን ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ በላይ እንዲገለጥለት መጠየቅ የለበትም። ቄሰ ገበዙ ከሌሉ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም፤ ይህም ትክክል ነው። ከርቀት የመጣ እንግዳ ቅር ሊለው ይችላል፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ የቆየው ግን በዚሁ ጥብቅነት ነው። የጉብኝት ድርጅቶች ይህን አስቀድመው ለእንግዳው ቢነግሩ፣ በደጀ ሰላም የሚፈጠረው ክርክርና የገንዘብ ድርድር ይቀር ነበር።

ከብርብር ወደ አርባ ምንጭ ሲወረድ፣ ከመንገዱ በላይ በአለታማ ጉብታ ላይ የሰፈረችው ኦቾሎ ትገኛለች። ኦቾሎ ከሌሎቹ ደሬዎች ይልቅ በዓለም የምሁራን ጽሑፍ ስሟ የተነሣው በጉባኤዋ ነው። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማርክ አቤሌስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ተቀምጦ ጉባኤውን ካጠና በኋላ በ1983 መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላም የኦቾሎ ዱቡሻ ከጥንታዊት ግሪክ የሕዝብ ጉባኤዎች ጋር እየተነጻጸረ ተጠንቷል። ንጽጽሩ ለአገሬው ክብር ሲባል የተፈጠረ አይደለም። በኦቾሎ የሕዝብ ጉዳይ የሚወሰነው በአደባባይ፣ በንግግር፣ ሁሉ እየሰማ ነው፤ ሹማምንቱም ጉባኤው የወሰነውን ያስፈጽማሉ እንጂ በጉባኤው ላይ አያዙም።

ዱቡሻ ቀረብ ብለው ሲያዩት እንዲህ ነው። ከመንደሩ መሐል ወይም ከመንደሮች መገናኛ ላይ ሣሩ አጭር የሆነ ገላጣ ሜዳ ይገኛል። በዳሩ ሾላ ወይም ዝግባ፣ አንዳንዴም ያረጀ ጥድ ቆሟል። ጠፍጣፋ ድንጋዮች በክብ ወይም በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል፤ ያልተጠረቡ፣ ጽሕፈትም ቅርጽም የሌለባቸው፣ ከሜዳ የተለቀሙ ድንጋዮች ናቸው። መሐይም ዓይን ከብት የሚያርፍበት ሜዳ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ድንጋይ ግን የአንድ ማዕረግ መቀመጫ ስለሆነ ማንም እንደ ፈለገ አይቀመጥበትም፤ ከቦታውም አይነቃነቅም። ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ታላቁ ይነሣና ይመርቃል። አገሩ ሰላም እንዲሆን፣ ላሙ እንዲወልድ፣ ገብሱ እንዲያፈራ ይለምናል፤ ተሰብሳቢው በየሐረጉ በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዳይ የሚነሣው። የሚናገረው ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ መሐል ይወጣል፤ ሌላው ያዳምጣል። በዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ የሕግ ጥሰት ብቻ አይደለም፤ በሰውየው፣ በልጆቹ፣ በከብቱና በማሳው ላይ መከራ ያመጣል ተብሎ የሚፈራ የነውር እዳ ነው። ጎሜ የሠራ ሰው በሽማግሌ ፊት ተናዝዞ፣ ታርቆ፣ ተመርቆ ካልነጻ አይገላገልም።

ዱቡሻን ማረስ፣ ዛፉን መቁረጥ፣ ድንጋዩን ለቤት መሠረት መውሰድ ራሱ ጎሜ ነው። ስፍራው አጥርና ዘበኛ ሳይኖረው ለብዙ ዘመን ሳይነካ የቆየው በዚህ ነው። የአንግኮር ድንጋዮች አጥርና ጠባቂ ተበጅቶላቸውም ከዘራፊ አላመለጡም፤ የብዙ ጣዖታት ራስ እየተቆረጠ ለውጭ ገበያ ተሽጧል። በጋሞ ደጋ ያለው የክልከላ ሕግ ከብዙ ዘመናዊ የቅርስ አዋጅ ይልቅ ሥራውን ሠርቷል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የተቀደሱት ደኖች የዚሁ ሥርዓት ሌላው ገጽታ ናቸው። በጋሞ ደጋ ላይ ከሩቅ ሲታዩ በእርሻ መካከል እንደ ጥቁር ደሴት የቆሙ ትንንሽ ጫካዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የአያት የቅድመ አያት መቃብር ነው፤ አንዳንዱ የመሥዋዕት ስፍራ ነው፤ አንዳንዱ ምንጭ የሚጠብቅ ነው። በውስጣቸው ጥድ፣ ዝግባ፣ ሾላና ቀርከሃ ይበቅላል፤ ከሌላው ተዳፋት የጠፋ አገር በቀል ዛፍ ከእነዚህ ጫካዎች ይገኛል። ወደ ውስጥ መግባት የሚፈቀድለት ሰው የተለየ ነው፤ በአንዳንዱ ጫካ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ለማገዶ አይነሣም። እነዚህን ጫካዎች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጋር ያመሳሰለ ሰው አልተሳሳተም። በሰሜኑ ኢትዮጵያ አገር በቀል ዛፍ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እንደሆነ ሁሉ፣ በጋሞ የተረፈው በመሥዋዕቱ ስፍራ ዙሪያ ነው። ለጎብኚው ግን ከዳር ሆኖ ማየት በቂ ነው። አስጎብኚ እንግዳውን ለማስደሰት ሲል ወደ ጫካው ቢያስገባ፣ እንግዳው ሲሄድ ጎሜው በመንደሩ ላይ ይቀራል።

ይህ ሥርዓት ሳይናወጥ ኖረ ማለት አይቻልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ ካዎዎቹ ባላባት እየተባሉ ግብር አስገባሪ ሆኑ፤ ከመሥዋዕት አቅራቢነታቸው ጋር የማይስማማ ሥራ ነበር። ጨንቻ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ሆነች፤ ኋላ ማዕከሉ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። በደርግ ዘመን መሥዋዕቱና የሃላቃ ሹመት ጎጂ ልማድ እየተባለ ታገደ ወይም ተዳከመ። ከዚያም የፕሮቴስታንት እምነት ሲስፋፋ በብዙ መንደር አማኞች ወደ ዱቡሻው ላለመምጣት ወሰኑ፤ በተቀደሱት ደኖችም ላይ ክርክር ተነሣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በአንዳንድ ደሬ ሹመቱ እንደ ገና ተመለሰ። እንግሊዛዊቷ ዴና ፍሪማን በዶኮ ያደረገችው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከዘመን ጋር እንዴት እየተለወጠ እንደሄደ በዝርዝር ያሳያል። ሊሸፈን የማይገባው ሌላው እውነት፣ ዱቡሻው ለሁሉ እኩል ክፍት አለመሆኑ ነው። ማላ የሚባሉት ባለመሬቶች የሚናገሩበት ጉባኤ ሸክላ ሠሪዎቹን ማናዎችና ቆዳ ፋቂዎቹን ደጋላዎች ሲያገል ኖሯል፤ ሴቶችም በአብዛኛው ከዳር ነበሩ። ስለ ጋሞ ዴሞክራሲ ለእንግዳ የሚያወራ አስጎብኚ ይህንን ካልጨመረበት ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ በጠመዝማዛ ተዳፋት ላይ ስለሚጓዝ፣ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ሙቀቱን ትቶ ወደ ብርድና ጉም የሚያስገባ ነው። ከላይ ሆኖ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጉብታ ወለል ብለው ይታያሉ። ከዓባያ ማዶ ያለው አገርና እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳም ከዚሁ ይታያል። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1890ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወደዚህ ሲደርስ ዓባያን በአገሩ ንግሥት ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በአውሮፓ ካርታዎች ለብዙ ዓመት የተጻፈው ይህ ስም በአገሬው አፍ ግን አልገባም።

የዶርዜ ቤት በጉብኝቱ ከሁሉ ይልቅ የሚወደድ ነው፤ መወደዱም ይገባዋል። ቤቱ ከመሬት ጀምሮ በተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት እየተጎነጎነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲያልቅ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይከደናል። አዲስ ሲሠራ አንዳንዱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። መግቢያው ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለሆነ ከፊት ሲታይ የዝሆን መልክ አለው፤ በላዩ ያሉት ሁለት የጢስ መውጫዎችም እንደ ዓይን ይታያሉ። ምስጥ እግሩን ሲበላው የበሰበሰው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የቤት ዕድሜ በቁመቱ ይታወቃል። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። እዚህ ላይ አስጎብኚው ወደ ዱቡሻው ነገር መመለስ ይችላል፤ ቤት እንዲህ በሚያጥርበትና በሚዛወርበት አገር የማይዛወረው ዱቡሻው ብቻ ነው።

ሽመናው ከቤቱ ጓሮ ነው። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች በጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው መወርወሪያውን ያስኬዳሉ። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ያለው ዱንጉዛ ከዚህ አገር የወጣ የክብር ልብስ ነው፤ ሃላቃዎችና ሽማግሌዎች በአደባባይ የሚለብሱት እሱን ነው። ከዶርዜ ወጥተው አዲስ አበባ በሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ይህን ሙያ ለመላው አገር አድርሰዋል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶርዜ ተቀምጦ ያጠናው ባህል በዓለም ላይ ስለ ምሳሌና ስለ ሥርዓት ለተነሣ ትልቅ የምሁራን ክርክር መነሻ ሆኗል። በመስቀል ሰሞን የሚሾመው ሃላቃ ራሱን በቅቤ ተቀብቶ፣ በወገኖቹ ታጅቦ ገበያውን ይዞራል፤ ይህ ዙር ሶፌ ይባላል። ለሹመቱ ከሚደረገው ሥነ ሥርዓት ሁሉ ለእንግዳ ክፍት የሆነው እሱ ነው፤ ገበያ የሁሉ ነውና።

እነዚህ ስፍራዎች ትናንት የነበሩ ብቻ ላለመሆናቸው ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ወደ አደባባይ ወጣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በአስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሕግ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ማለፍ ከባድ ጎሜ ነው። ወጣቱም ተመለሰ፤ ንብረትም ሰውም ዳነ። ያ ሣር የዱቡሻው ሥርዓት ያስተማረው ሣር ነው፤ ዱቡሻን ለጎብኚ የሚያስረዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ጉብኝቱ ወደ ኮንሶ ሲቀጥል ዓይን ወደ ድንጋይ ይመለሳል። ኮንሶ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተከለለው 55 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በውስጡም የካብ እርከኖችና በድንጋይ አጥር የታጠሩ ከተሞች አሉ። አንዳንዱ እርከን እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በመንደሮቹ መሐል ሞራ የሚባል አደባባይ፣ በአደባባዩም ላይ አንዱ ትውልድ ለቀጣዩ ሲያስረክብ የሚተክለው ረጅም እንጨት ይታያል፤ እንጨቶቹን በመቁጠር የከተማው ዕድሜ ይታወቃል። ጀግናና የጎሣ መሪ ሲሞት ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ይቀረጽለታል። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ተሰርቀው ለውጭ ገበያ ስለወጡ፣ የተረፉትን ለመጠበቅ በካራት ከተማ ሙዚየም ተሠርቷል። የጎሣ መሪዎቹ ግቢዎች በጥድ ደን የተከበቡ ሲሆን፣ የካላ፣ የባማሌና የኩፋ ደኖች ለሥርዓተ አምልኮና ለመድኃኒት የተጠበቁ ናቸው። በኮንሶ ድንጋይና ደን አንድ ላይ ስለሚገኙ፣ ጋሞን አይቶ የመጣ እንግዳ የደኑን ትርጉም ያለ አስተርጓሚ ይረዳል። ስለዚህ ጋሞ ከኮንሶ በፊት ቢታይ ይሻላል።

በድንጋይ ያሠሩ ነገሥታትን ሥራ ማየት የሚሻ ከኦሞ ወንዝ ማዶ በዳውሮ የንጉሥ ሃላላን ካብ፣ በወላይታም የካዎ አማዶን ኬላ ያገኛል። ሁለቱም ከጠላት ለመከላከል የተሠሩ ግንቦች ናቸው። የጋሞ ደሬዎች እንዲህ ያለ ግንብ አልተዉም።

የጉብኝቱ ወቅት በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። ደጋው ላይ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ብዙ ስለሆኑ፣ የብርብርና የኦቾሎ መውጫ ጭቃ በሚሆንበት ጊዜ መኪና አያስኬድም። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለእግርም ለመኪናም ይመቻል። ዮ ማስቃላ የሚባለውን የጋሞ መስቀል ማየት የሚፈልግ ግን በመስከረም መምጣት አለበት፤ ጭቃውን ችሎ ነው። የጋሞ መስቀል የአንድ ቀን በዓል አይደለም፤ በየአገሩ ለሥራ የተበተነው ሸማኔና ነጋዴ ወደ ቤቱ የሚመለስበት፣ ሰንጋ የሚታረድበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ወቅት ነው።

ክፍያውም በግልጽ መታወቅ ያለበት ጉዳይ ነው። በአርባ ምንጭና በኮንሶ የአካባቢ አስጎብኚዎች ማኅበራት አሉ፤ እንግዳ ይዞ የሚመጣ ድርጅት ከእነሱ ጋር መሥራት ይገባዋል። የአካባቢው አስጎብኚ ቋንቋውን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ዱቡሻው ላይ ስብሰባ ያለበትን ቀን፣ ለቅሶ የተቀመጠውን ቤት፣ ዘንድሮ የሚሾመውን ሃላቃ ያውቃል። ለስፍራው የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ሰው እጅ ሳይሆን ሽማግሌዎቹ ለተስማሙበት የመንደር ጉዳይ ቢውል፣ ክልከላውን የሚጠብቁት ሰዎች ድካማቸው አይባክንም። ልጆች ለቱሪስት እየተገላበጡ ገንዘብ የሚጠይቁበት የዶርዜ መንገድ ዳር ልማድ የመጣው ገንዘቡ ወደ መንደሩ በትክክል ስለማይገባ ነው፤ ልጆቹን መውቀስ አይገባም።

ኮንሶና ጢያ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አሉ፤ የጋሞ ዱቡሻዎችና የተቀደሱ ደኖች አልተመዘገቡም። የደቡቡን መርሐ ግብር የሚያወጡ አስጎብኚ ድርጅቶች ለምዕራብ ዓባያና ለብርብር ማርያም አንድ ሙሉ ቀን፣ ለኦቾሎና ለዶርዜ ዱቡሻዎች ሌላ ቀን ይመድቡ። እንግዳ ከማምጣታቸው በፊትም ለቤተ ክርስቲያኗ ካህናትና ለደሬው ሽማግሌዎች መልእክት ልከው ፈቃድ ያግኙ፤ ፈቃድ ካልተገኘም እንግዳውን ከሜዳው ዳር አቁመው፣ ሣሩ ለምን እንዳልታረሰ ከዚያው ሆነው ያስረዱት።